ከተረት ወደ ፊደል፦ ልጆቻችን ማንበብና መጻፍን የሚወዱት እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች ሰፊ የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ውጤቱ አስደንጋጭ ነው። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው በትምህርት ቋንቋቸው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክ ደግሞ አሥር ዓመት ሞልቷቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱትን የኢትዮጵያ ልጆች ወደ 90 በመቶ ያደርሳቸዋል። ከምዘናው ወዲህ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ መምህራንም ሠልጥነዋል። ይህ ሁሉ የግድ ያስፈልግ ነበር።

ሆኖም አንድ ጥያቄ አሁንም በቂ ትኩረት አላገኘም። ልጁ ማንበብ ቻለ እንበል፤ ማንም ሳያዝዘው መጽሐፍ ያነሣል ወይ? ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ አይሆንም። ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ከመጨረሻው ፈተና በኋላ አንድም መጽሐፍ ያልገለጠ ሰው በየቤታችን አለ። ማንበብን ለፈተና ብቻ የተማረ ሰው ፈተናው ሲያልቅ ማንበቡንም ይተዋል።

ይህ ዳሰሳ የቤትን፣ የትምህርት ቤትን፣ የቤተ መጻሕፍትንና የአሳታሚን ድርሻ በየተራ ይመለከታል። የሚያራምደው ሐሳብ ግን አንድ ነው፦ ልጅ መጽሐፍን የሚወደው በመጀመሪያ ታሪክን ስለሚወድ ነው። እኛ ተረትን ለቤት፣ ፊደልን ለትምህርት ቤት ብለን ለያይተናቸዋል። ልጅ የሰማውን ታሪክ በገጽ ላይ ሲያገኘው፣ ራሱ የተናገረውን ነገር ደግሞ ተጽፎ ሲያየው፣ አንባቢም ጸሐፊም መሆን ይጀምራል።

ከዓይን በፊት ጆሮ

አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆች «የላም በረት» ወይም «የመሠረት» ብለው ይመልሳሉ። ተረቱ ሲያልቅም ተራቹ «ተረቴን መልሱ» ይላል። ይህ ልማድ በልጅ ትምህርት ዓይን ሲታይ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። አንደኛ፣ አድማጩ ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም፤ ገና ከመነሻው እንዲመልስ ይጠበቅበታል። ሁለተኛ፣ ተረት የሰማ ሰው ዕዳ አለበት፤ በተራው መናገር አለበት። ልጁን ከአድማጭነት ወደ ተራችነት የሚያሸጋግር ሥርዓት በእጃችን ነበረ ማለት ነው።

የዘመኑ ጥናትም የሚያረጋግጠው ይህንኑ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ወላጆች ለትንንሽ ልጆቻቸው ሲያነቡ እግረ መንገዳቸውን «ምን የሚሆን ይመስልሃል?»፣ «ለምን እንዲህ አደረገች?» እያሉ እንዲጠይቁ አደረጉ። የእነዚህ ልጆች የመናገር ችሎታ በአንድ ወር ውስጥ በተለመደው መንገድ ከተነበበላቸው ልጆች በልጦ ተገኘ። ልጁን ያሳደገው ማድመጡ ብቻ ሳይሆን መልስ መስጠቱም ነበር።

ይህን በደንብ ያወቁ ሰዎች ከመካከላችን ወጥተዋል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ፣ የአገሩ ልጅ ሁሉ ሥራውን ትቶ ይሰበሰብ ነበር። የመጽሐፍ መደርደሪያ በሌለበት ቤት ያደጉ ብዙዎች የታሪክን ጣዕም መጀመሪያ ያገኙት ከእሳቸው አንደበት ነው። ቆይቶም መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም ጀመረች። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከካልሲ የተሠራች የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። በቤት ውስጥ የተጀመረው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አሸንፏል። ለልጆች የሚሆን ጥሩ ሥራ ለማቅረብ ብዙ ገንዘብ ከመያዝ በፊት የልጅን ልብ ማወቅ እንደሚበልጥ ሁለቱም አሳይተዋል።

ለወላጅ ከዚህ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። ማንበብ የማይችሉ እናትና አባትም ልጃቸውን ለንባብ ማዘጋጀት ይችላሉ። ተረት መንገር፣ ማስጨረስ፣ «አንተስ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ፊደል አይጠይቅም። ማንበብ የሚችሉት ደግሞ ልጁ ማንበብ ጀመረ ብለው ድምፃቸውን ማጥፋት የለባቸውም። ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ራሱ አንብቦ ከሚረዳው ይልቅ ሲነበብለት የሚረዳው ይበልጣል፤ የሚያጓጓው ታሪክም ያለው እዚያ ነው።

ፊደሉ ያለው ጸጋና ፈተና

መሠረታዊው የፊደል ገበታችን 33 ረድፍና 7 ዓምድ፣ በጠቅላላው 231 ፊደላት አሉት። ለስድስት ዓመት ልጅ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ጸጋም አለው። እያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው ድምፅ በአብዛኛው የታወቀ ስለሆነ፣ የሆሄያቱን አካሄድ የያዘ ልጅ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ቃል እንኳ አፉን ሞልቶ ይጠራዋል።

አደጋው ሽምደዳ ነው። ልጁ ጣቱን እያስኬደ ገጹን ሙሉ ያነበንበዋል፤ ጣቱን አንሥተን መሐል ላይ ካለች አንዲት ፊደል ላይ ብናሳርፈው ግን ዝም ይላል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ችግር ጥንትም ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን በዜማ ከዘለቀ በኋላ አቡጊዳ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ የፊደሉ ተራ ሲዘበራረቅ በቃሉ የያዘው ልጅና በዓይኑ የለየው ልጅ ይታወቃሉ። ከዚያም በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እያሉ ደረጃ በደረጃ ያሻግሩታል። ዛሬ የፊደል ገበታ በዘፈን ብቻ የሚያስጠኑ መዋዕለ ሕፃናት ከዚህ የሚማሩት አለ።

ሌላም ጉዳይ አለ። ጽሕፈታችን ድምፅ መጥበቁንና መላላቱን አያሳይም። አንባቢው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ትርጉም ነው። ስለዚህ ቋንቋውን በጆሮው ያልጠገበ ልጅ ፊደሉን ሁሉ ቢያውቅም ይደናቀፋል። ብዙ ተረት የሰማ፣ ብዙ ቃል ያጠራቀመ ልጅ ግን ዓይኑ ፊደሉን ሲያይ ጆሮው ያግዘዋል። ተረትና ፊደል መለያየት የሌለባቸው ለዚህም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ማድረጉ ለዚህ ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በየቋንቋው የሚነበብ ነገር ማግኘት ነው።

የሚነበብ ከየት ይምጣ?

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን አስተምሯል፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ሆኖም ማንበብ የቻለው ገበሬ የሚያነበው በእጁ ካልገባ ያወቀውን መልሶ ይረሳል። ልጆችም እንዲሁ ናቸው። መማሪያ መጽሐፍ ብቻውን አንባቢ አያወጣም። ልጅ መርጦ የሚያነሣው፣ ካልጣመው የሚመልሰው፣ ከወደደው ደግሞ ደጋግሞ የሚያነበው መጽሐፍ ያስፈልገዋል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የፊጂ ተሞክሮ ነው። ዎርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 በገጠር ትምህርት ቤቶች ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው 250 የሚያህሉ ሥዕል ያላቸው የታሪክ መጻሕፍት አስገቡ። ልጆቹ እንግሊዝኛን የሚማሩት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነበር። መምህራኑ ያነቡላቸዋል፤ ልጆቹም ራሳቸው መርጠው ያነባሉ። የእነዚህ ልጆች የንባብ እድገት በተለመደው ዘዴ ከተማሩት በእጥፍ ያህል ፈጠነ። ለውጡን ያመጣው በልጆቹ እጅ የገባ ብዙ መጽሐፍና የማንበቢያ ጊዜ ነው።

በአገራችንም የሚያኮሩ ጅምሮች አሉ። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ የአገራቸው ልጆች በቋንቋቸው የሚያነቡት መጽሐፍ እንደሌላቸው ሲያዩ የቂሉን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ከደራሲዋ ከጄን ከርትዝና ከሌሎች ጋር ባቋቋሙት «ኢትዮጵያ ሪድስ» አማካይነትም እ.ኤ.አ. በ2003 የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በሐዋሳ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍን ወደ ልጆቹ ሰፈር ወሰደ። ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅትም የገጠር ማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን ሲያቋቁምና የልጆች መጻሕፍት ሲያሳትም ቆይቷል። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለልጆች የሚሆን ክፍል አለው። ጄን ከርትዝ የተሳተፉበት «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን የተጻፉ አጫጭር መጻሕፍት አውጥቷል። በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» በኢንተርኔት ላይ በነፃ ከሚያቀርባቸው ታሪኮች መካከል በአማርኛ የተጻፉም ይገኛሉ፤ አንድ መምህር ስልኩ ላይ አውርዶ ለክፍሉ ሊያነባቸው ይችላል።

ግን እነዚህ ሁሉ ለአገሩ ልጅ ብዛት ጠብታ ናቸው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የተሰየመው ክፍል የልጅ መጽሐፍ የለውም፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው ያረጀ መማሪያና በእርዳታ የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ከዚህም የሚያሳዝነው፣ ጥሩ መጽሐፍ ሲገኝ «ልጆች ይቀዱታል» ተብሎ በቁልፍ የሚዘጋበት ጊዜ መኖሩ ነው። የልጆች መጽሐፍ በልጆች እጅ ይቀደዳል፤ ተቀደደ ማለት ተነበበ ማለት ነው። ተቆልፎ ንጹሕ ከቀረ መጽሐፍ ይልቅ ጥጉ ተልጦ፣ በፕላስተር ተጣብቆ የሚዞር መጽሐፍ ሥራውን ሠርቷል።

የኅትመት ወጪውም መነሣት አለበት። ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ናረ፤ ባለቀለም ሥዕል ሲጨመርበት የአንድ የልጆች መጽሐፍ ዋጋ ከብዙ ወላጅ አቅም በላይ ሆነ። እዚህ ላይ የደቡብ አፍሪካው «ናሊባሊ» ዘመቻ መንገድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ይህ ዘመቻ በተለያዩ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች ታሪኮችን ከጋዜጣ ጋር አባሪ አድርጎ ያወጣል፤ ቤተሰቡ ቆርጦና አጥፎ ትንሽ መጽሐፍ ይሠራበታል። የእኛ ጋዜጦችና መጽሔቶች በወር አንድ ገጽ ለልጅ ታሪክ ቢሰጡ፣ ርካሹ የልጆች መጽሐፍ በየቤቱ ይገባል።

ልጅ ሲጽፍ

ስለ ንባብ ብዙ ይወራል፤ ስለ ልጆች ጽሕፈት የሚወራው ግን ጥቂት ነው። በዝቅተኛ ክፍሎች መጻፍ ማለት በአብዛኛው ከሰሌዳ መገልበጥ፣ የእጅ ጽሕፈት ማሳመርና ቃለ ጽሕፈት መያዝ ነው። ሦስቱም ይጠቅማሉ። ነገር ግን በሦስቱም ውስጥ ልጁ የሚጽፈው የሌላ ሰው ቃል ነው። የራሱን ሐሳብ እንዲጽፍ የሚጠየቀው ድርሰት በሚባልበት ክፍል ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዕሩ እምቢ ይለዋል።

የቋንቋ ምሁሯ ካሮል ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1971 ልጅ ቀድሞ ይጻፍ፣ ከዚያ ያንብብ የሚል ሐሳብ አቅርባ ነበር። ልጆች የሚያውቋቸውን ጥቂት ፊደላት ይዘው የሰሙትን ድምፅ እንደመሰላቸው ሲጽፉ የንባብን ምሥጢር ራሳቸው ይደርሱበታል። ስቲቭ ግራሃምና ማይክል ሄበርት እ.ኤ.አ. በ2010 በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩም፣ ልጆች ስላነበቡት ነገር መጻፋቸውና በብዛት መጻፋቸው የማንበብ ችሎታቸውን እንደሚያሳድግ አረጋግጠዋል።

ገና ፊደል ያልያዘ ልጅስ? እሱ ይናገር፣ ትልቅ ሰው ይጻፍለት። በቺካጎ ለብዙ ዓመታት ያስተማረችው ቪቪያን ፔሊ የምትታወቀው በዚህ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆቿ ታሪካቸውን ይነግሯታል፤ እሷም ቃል በቃል ትጽፋለች። ከዚያ በዚያው ቀን ልጆቹ ታሪኩን በትወና ያሳዩታል። ልጁ የተናገረው ነገር ወረቀት ላይ አርፎ፣ ከወረቀቱ ደግሞ ተነሥቶ ሕይወት ሲዘራ ያያል።

ይህ በእኛ ቤት እንዴት እንደሚሆን በቅርበት እንየው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ «ጅቡ ጫማ ገዛ» አለች እንበል። እናቷ «ጅብ ጫማ አያደርግም» ብላ አታርማትም። ደብተር ታመጣና «ጅቡ ጫማ ገዛ።» ብላ በትልልቅ ፊደል ትጽፋለች፤ ጣቷን እያስኬደች መልሳ ታነብላታለች። «ለምን ገዛ?» ትላታለች። «ሌሊት ሲመጣ ኮቴው እንዳይሰማ።» ይህም ይጻፋል። «ከዚያስ?» «ጫማው አዲስ ነው፤ ሲጥ ሲጥ አለ። ውሻው ነቃ።» ከላይ «ደራሲት» ተብሎ የልጅቷ ስም ይሰፍራል፤ ከታች ጅቡን ትሥለዋለች። ያ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጅቷ ቆማ ታነብበዋለች። መጀመሪያ በቃሏ ነው። ቆይታ «ጅ»ን ትለያለች፣ ከዚያ «ጫ»ን። ቃሎቹ የራሷ ስለሆኑ መለየቱን ትፈልገዋለች።

በክፍል ውስጥም ይቻላል። ክፍሉ 60 ልጆች ቢኖሩበት፣ መምህሯ በቀን የአንድ ልጅ ሦስት ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ብትጽፍ፣ በ12 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። የዕለቱ የንባብ ትምህርት ያ ታሪክ ይሆናል። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ሲሰፉ ክፍሉ የራሱ መጽሐፍ ይኖረዋል። ጥሩ ጥሩው ደግሞ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ይነበባል።

እርማትን በተመለከተ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ልጅ በ«ሠ» የሚጻፈውን በ«ሰ» ቢጽፍ፣ ቃል ቢያጣብቅ፣ አራት ነጥብ ቢዘነጋ ይታረማል፤ ግን ታሪኩ ከተነበበና ከተደነቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየው ቀይ እስክሪብቶ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያውቀውን ቃል ብቻ መርጦ ሁለት መስመር ይጽፍና ይተዋል።

አዲስ ነገር መፍጠርን የትምህርት መለኪያ ማድረግ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላ ሰው ቅኔ አምጥቶ ቢያቀርብ ያፍርበታል። አባቶቻችን የሰውን እውቀት የሚመዝኑት በሚያስታውሰው ብቻ ሳይሆን በሚፈጥረውም ነበር። ይህን ክብር ከትልልቆቹ ተማሪዎች ወደ ትንንሾቹ ማውረድ የእኛ ፋንታ ነው። ሩዋንዳ «አንዲካ ሩዋንዳ» በተባለው አገር አቀፍ የጽሕፈት ውድድር ልጆችና ትልልቆች የጻፏቸውን ታሪኮች በኪንያሩዋንዳ መርጣ አሳትማለች። እኛም እንዲህ ያለ ውድድር በቋንቋዎቻችን ሁሉ ብናካሂድ የመጽሐፍ እጥረቱን በከፊል ልጆቹ ራሳቸው ይሞሉልናል።

ሽልማት፣ ቅጣትና ስልክ

ብዙ ወላጅ «ይህን ካነበብክ ከረሜላ እገዛልሃለሁ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ሥዕል መሣል የሚወዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆችን አጥንተው ነበር። ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ ተብሎ አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች፣ ሽልማቱ ካለፈ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ ለመሣል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ጎልቶ ቀነሰ። ይወዱት የነበረው ነገር ክፍያ የሚጠየቅበት ሥራ ሆነባቸው። ልጅ መሸለም ካለበት ሌላ መጽሐፍ ይሰጠው።

ከዚህ የባሰው ንባብን ቅጣት ማድረግ ነው። «ስላጠፋህ ቁጭ ብለህ አንብብ» የተባለ ልጅ መጽሐፍና ወቀሳን አብሮ ያስታውሳቸዋል። ስልክን በተመለከተ ደግሞ ክልከላ ብቻ አያዋጣም። ልጅ የሚከተለው የሚያየውን ነው። አባት ምሽቱን ሙሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ልጁን «መጽሐፍህን ያዝ» ቢለው ምክሩ አይደርስም። ጥቂት ደቂቃ ቤተሰቡ በሙሉ ስልኩን አስቀምጦ የየራሱን ሲያነብ ግን ልጁ ማንበብ የትልቅ ሰው ነገር መሆኑን ይረዳል።

ከአገር ውጭ ላሉ ቤተሰቦች

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወላጆች ልጆቻቸውን ቅዳሜና እሑድ ፊደል እያስቆጠሩ ነው። እስራኤል ውስጥ በአማርኛ የሚተርቱ አያቶችና በዕብራይስጥ የሚያነቡ የልጅ ልጆች አንድ ቤት ይኖራሉ። እዚያም ያለው ችግር ያው ነው፤ ልጁ ፊደሉን ያውቅና የሚያነበውን አይረዳም። መፍትሔውም ያው ነው፦ አያት ይናገሩ፣ ልጁ በሚችለው ቋንቋ ይጻፍ፣ ወላጅ አማርኛውን ከጎኑ ያስፍር። ባለሁለት ቋንቋ መጽሐፍ በቤት ተሠራ ማለት ነው። ልጇን ለአያቱ ትታ በዓረብ አገር የምትሠራ እናት ደግሞ ተረቷን በስልክ በድምፅ ቀድታ ብትልክለት፣ ልጁም የራሱን ቢመልስላት፣ ከናፍቆት ማስታገሻነት ባሻገር ትምህርት ይሆናል።

ምን ይደረግ?

እስካሁን ያየናቸው ማስረጃዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። በቤት ተረት ይነገር፣ ልጁም ይመልስ። በመዋዕለ ሕፃናት ፊደል ከታሪክ ጋር ይሰጥ። ቤተ መጻሕፍት ቁልፉን ይፍታ፣ ልጅ መጽሐፍ ተውሶ ወደ ቤቱ ይውሰድ። አሳታሚዎች ልጆች የጻፉትንም ያትሙ። መንግሥት ለልጆች መጽሐፍ የሚውል ወረቀትን ዋጋ የሚያቃልልበትን መንገድ ይፈልግ።

ከሁሉ በላይ ግን በዝቅተኛ ክፍሎች የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይመደብ፤ መምህሩ ታሪክ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብበት፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ልጆች የራሳቸውን የሚጽፉበት፣ ፈተናም ነጥብም የማይሰጥበት ጊዜ። አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ አንድ መጽሐፍ ላለው መምህርም ይቻላል፤ መጽሐፍ ለሌለው ደግሞ ተረት አለ። በየዓመቱ የንባብ ሳምንት እናከብራለን፣ ስለ ንባብ ባህልም እንናገራለን። ይህ 15 ደቂቃ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ካልተመደበ ግን ልጆቻችን የሚያገኙት ስለ ንባብ የተነገረውን ብቻ ነው፤ ንባቡን አያገኙም።